አንድ ሺህ አንደኛዋ

አስተባባሪው፣ «እማማ፣ አይቀየሙኝ፣ ሺህ ሰው ሞልቶልናል፤ እርስዎ ትርፍ ነዎት» ሲላቸው አሮጊቷ ቢጫ ሻሻቸውን ፈትተው በዝግታ ማጠፍ ጀመሩ። ለስታዲየሙ መክፈቻ ትርኢት ሜዳው ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች አንድ ሺህ አንድ ነበሩ። እሱ ደግሞ ሰው በሃያ መስመር፣ ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ ከማሰለፍ ሌላ አያውቅም።

አሠልጣኟ ከሚታጠፈው ሻሽ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቁጥሩን በልቧ ማካፈል ጀመረች። በሦስት ሁለት ተረፋት፣ በአምስት አንድ ተረፋት። በሰባት ስትሞክረው ምንም አልተረፈም። የደረሰውን መቶ አርባ ሦስት ደግሞ ለአሥራ አንድ አካፈለችው፤ አሥራ ሦስት ወጣ።

«ማንም አይሄድም» አለች። «አሥራ ሦስት መስመር፣ በየመስመሩ ሰባ ሰባት ሰው። ልክ ይመጣል።»

አስተባባሪው በጣቱ አየር ላይ አባዝቶ ሲያበቃ፣ «እሺ፣ እንግዲያው እማማ ጫፍ ላይ ይቁሙ» ብሎ አጉረመረመ።

«ጫፍ ምን በወጣቸው! አሥራ ሦስትም ሰባ ሰባትም ጎዶሎ ናቸው፤ ሰልፋችን መሃል የሚቆም ሰው ይፈልጋል። የአንተ ሃያ በሃምሳ መሃል እንኳ የለውም።»

እጃቸውን ይዛ መሃል ሜዳ አቆመቻቸው። አሮጊቷ ሻሻቸውን ዘርግተው መልሰው ሸብ አደረጉ። ፊሽካዋን ስትነፋ፣ ሙሉ ሺህ ሴት በእሳቸው ዙሪያ መዞር ጀመረ።