ያልተነፋው ፊሽካ

ፊሽካው አንገቷ ላይ እያለ ለምን አልነፋችም?

የትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይህን ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው ኖራለች። ታላቅ እህቷ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተራራ ወጥታ አልተመለሰችም። ያን ቀን የሰልፉ ጭራ እህቷ ነበረች። የጭራ ሕግ ቀላል ነው፤ ከጭራው ኋላ ማንም አይቀርም፤ ጭራው ራሱ ከቀረ ፊሽካ ይነፋል። ጉም ወረደ። ጉሙ ሲገፈፍ ጭራው የለም። ፊሽካ ሰማሁ ያለ ሰው አልተገኘም።

አባቷ ግን አንድ ሰው ሰምቷል ብሎ ያምናል። "ያ ይዟቸው የወጣው የስፖርት አስተማሪ ሰምቶ ነው ዝም ያለው" ይላል። "ዓይኑን አይቼዋለሁ።"

የጠፋችውን ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃት እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርለታል። ጉዞው እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ በሄደበት ሳምንት ባይውል ኖሮ አይለቃትም ነበር። ክፍሏን እስከ ዛሬ አላስነካም። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው፤ በኮሪደሩ በኩል በሩ ላይ ያለው መቀርቀሪያ እንኳ እንዳይዝግ በየጊዜው ዘይት ይቀባዋል።

የጉዞ ሻንጣዋን ያዘጋጀችላት እናቷ ነበረች። "ተራራ ብርድ ነው" ብላ ያላትን ሹራብ ሁሉ አጨቀችላት። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጇ አታወራም፤ ጥቁርም አልለበሰችም። "ምስኪን፣ ተስፋ አልቆረጠችም" ይላሉ ዘመዶች።

ዘንድሮ ተማሪዎቹን ይዛ የምትወጣው አስተማሪ ታመመችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ተተካች። አባቷ ከቤት ውጭ እንድታድር ሲፈቅድላት የመጀመሪያው ነው።

"የስፖርት አስተማሪውን ጠይቂው" አላት የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ እየሳበላት። "ቦታውን ብቻ ንገሪኝ። በየቀኑ እደውላለሁ።"

የስፖርት አስተማሪው ጸጉሩ ሸብቷል። ከዚያ ጉዞ በኋላ ጭራነትን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ኋላ ኋላ የሚሄደው ራሱ ነው። ጀርባው ላይ ከትከሻው የሚሰፋ ሻንጣ ተሸክሟል። ልጆቹ እናግዝህ ሲሉት ይቆጣል።

"ቲቸር፣ ጋሼ ፊሽካ እዚያ ውስጥ ምን እንደያዘ ታውቂያለሽ?" አለች አንዷ ተማሪ እያለከለከች። በሌለበት የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

"አላውቅም።"

"ድንኳን ከተከልን በኋላ ዳቦ ልግዛ ብሎ ብቻውን በማዶ ይወርዳል። አምና ሻንጣው ሊፈነዳ ደርሶ ሄደ፤ ባዶውን ተመለሰ። ዳቦ ሊገዛ ሙሉ ሻንጣ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ዳቦውስ?"

"'አልቋል' አለና! በብስኩት አደርን።"

"በኔ ብስኩት ነው ያደርሽው፣ አንቺ ሌባ!" አለች ከኋላ ያለችው፤ ልጆቹ ተሳሳቁ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ አልሳቀችም። ዞር ብላ አየች። ሰውዬው በየመታጠፊያው እየቆመ የመጡበትን መንገድ ያያል። ተከታይ እንዳለበት ሰው።

ሲመሽ አባቷ ደወለ።

"ጠየቅሽው?"

"ገና ነኝ አባዬ።"

"ምኑን ነው የምትፈሪው? እኔ አለሁልሽ።"

በማግስቱ ከተራራው ጫፍ ሥር ሰፈሩ። መንገድ መሪው ልጆቹን ሰብስቦ ሾርባ ጣደ። አስተማሪው ሻንጣውን አንስቶ በማዶ በኩል ወረደ። እሷም ሄደች። ሰው ፊት እጇን አውጥታ የማታውቅ ሴት ተከተለችው።

አንድ ገደል አፍ ላይ ሲደርስ ሳይዞር ቆመ።

"ተመለሺ። ከልጆቹ ጋር ሁኚ።"

"መንገድ መሪው አለ።" ጠጋ አለችው። "እህቴ ፊሽካ ነበራት። ለምን አልነፋችም?"

ሻንጣውን በቀስታ መሬት አስቀመጠ።

"አባትሽ ናቸው የላኩሽ?"

"እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።"

"መልሱን ካወቅሽ እንደ በፊቱ ወደ ቤትሽ መመለስ የለም። ይገባሻል?"

ከበስተቀኛቸው ያለው ገደል ታቹ አይታይም። ስልኳን በኪሷ ውስጥ ጨበጠች። ወደ ኋላ ግን አላለችም።

"አሳየኝ" አለች።

"እንግዲያው ነይ።"

ስልኩ ሲጮህ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

"አሳየሽ?" አለ አባቷ።

"አሳየኝ አባዬ።"

"አላልኩሽም! ሰምቶ ነው ዝም ያለው!"

"አልሰማም። ፊሽካው አልተነፋም።"

"ተይው እሱን። ቦታው የት ነው? ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ። አጥንቷም ቢሆን ቤቴ ይገባል። የኔ ልጅ ውጭ አታድርም!"

በልጅነቷ በየምሽቱ አልጋዋ ላይ ሆና የምትሰማው የእህቷ በር መቀርቀሪያ ድምፅ ትዝ አላት።

"ገደል ነው አባዬ። ሰው የሚወርድበት አይደለም። ሞታለች፤ ከእንግዲህ አትፈልጋት።"



"አንቺስ?" አለ አባቷ። "መቼ ነው የምትመለሺው?"

ስልኩን አጠፋችውና እህቷ የቀዳችላትን ሻይ አነሳች።