በትኩሱ የተለካ ብረት

የጋብሮቮ ከተማው የብረት ፋብሪካ ኃላፊ የስንብቱን ወረቀት ወደ ሠራተኛው ራድኮ ሲገፋ የቡድን መሪዋ ቬስካ አጠገቡ ቆማ ታይ ነበር። ራድኮ በብረት መላጫው ማሽን፣ በቶርኖው፣ ያወጣቸው አርባ የብረት ዘንጎች ከልካቸው በፀጉር ያህል ቀጥነው ተበላሽተዋል። ትናንት እሱ ምሳ ላይ ሳለ የመጀመሪያውን ዘንግ በትኩሱ የለካችው እሷ ነበረች። ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚቀጥን እያወቀች፣ የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ስለሚጠብቅ ቸኮለች። ራድኮ ሲመለስም "አቀዝቅዤ ለክቼዋለሁ፣ ልክ ነው፣ በዚያው ቀጥል" ብላ ዋሸችው።

ራድኮ ሊፈርም እስክሪብቶውን ሲያነሳ አላስቻላትም። "ጥፋቱ የኔ ነው። በትኩሱ ነው የለካሁት።"

"አንቺ?" ኃላፊው ሳቀ። "ሃያ ዓመት ሙሉ 'ሳይቀዘቅዝ እንዳትለኩ' እያልሽ ያሰለቸሽን ሴትዮ? እንደ ዶሮ ክንፍሽ ሥር ልትደብቂው ነው እንጂ።" ወረቀቱን ቀደደው። "በይ፣ ለአንቺ ስል ምሬዋለሁ። አንተም የቶርኖህ ቢላ ሲደነዝ ቀይር፣ ሰነፍ።"

ኮሪደሩ ላይ ራድኮን ክንዱን ያዘችው። "እውነቴን እኮ ነው። አንተ ምንም አላጠፋህም።"

"ይበቃል አለቃዬ፣ እናቴ እንኳ እንዲህ አትዋሽልኝም ነበር" አለና ጎንበስ ብሎ እጇን ሳማት።