ደብዳቤ ለመርዝ ሻጩ

ኢዛና ሲሞት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው ያገኙት። ምርመራው ፌንታኒል የሚባል ገዳይ ዕፅ ነው አለ፤ የሕመም ማስታገሻ በሚመስል አንድ ፍሬ ኪኒን ውስጥ የተቀላቀለ። ለለቀስተኛው ግን «ልቡ ነው» ተባለ።

አባቱ ንጋቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለው አፓርታማቸው ኮሪደር ላይ የልጁን ኮቴ ይሰማል። ራት ሲቀርብ ሦስት ሰሃን ያወጣል፤ ሚስቱ ሙሉዓለም አንዱን ትመልሳለች።

ዛሬ ፓርኪንግ ላይ ይሥራ እንጂ ንጋቱ ደሴ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ለተማሪዎቹ ደጋግሞ የሚተርክላቸው አንድ የቻይና ሹም ነበር፤ ሊን ዘሹ። ንጉሠ ነገሥቱ ኦፒየም የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ አጥፋ ብሎ ወደ ካንቶን ሲልከው፣ የውጭ ነጋዴዎቹን አስጨንቆ ከሃያ ሺህ በላይ ሣጥን ተረከባቸው። በጨውና በኖራ አሟሙቶ ወደ ባሕር ለቀቀው። ለእንግሊዝ ንግሥትም ደብዳቤ ጻፈ፤ ይህን መርዝ በራስሽ ሕዝብ ላይ ትፈቅጃለሽ ወይ ብሎ። ደብዳቤው አልደረሳትም ይባላል።

ያ ሹም አሁን ከንጋቱ ራስ አልወጣ አለ።

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ «ቤታችሁ የተረፈ የሕመም ኪኒን ካለ ስጡኝ» ይል ጀመር። የሰጡትን ወስዶ ፋርማሲ ውስጥ ካለው ማስወገጃ ሣጥን ይከታል። ውሎ ሲያድር ሰዎች እሱን ሲያዩ በሌላው በር መውጣት አመጡ።

ይህም አላረካውም። የሚፈልገው ሻጩን ነው። የኢዛና ስልክ እንደተቆለፈ ቀርቷል፤ የስልክ ኩባንያው በላከው ዝርዝር ላይ ግን ልጁ በመጨረሻው ቀን አራት ጊዜ የደወለበት አንድ የቨርጂኒያ ቁጥር አለ። ንጋቱ ደወለበት። ማንም አላነሳም። «አሁን የለሁም፤ መልእክት ተዉልኝ» አለ በተቀዳ ድምፅ አንድ ወጣት በእንግሊዝኛ፣ ሳቅ እያፈነው።

ያ ሳቅ አንጀቱን አሳረረው።

ቁጥሩን ለመርማሪው ፖሊስ ሰጠ። «አይተነዋል። ከዚያ ቁጥር የሚገኝ ነገር የለም፤ ይተዉት» አለው። ንጋቱ ሰውዬውን ደንታ ቢስ ብሎ ወጣ።

እንደ ሹሙ ሊጽፍ ወሰነ። በየእሑዱ ለዚያ ቁጥር በእንግሊዝኛ ቴክስት ያደርጋል። «ልጄን ስትገድለው ስሙን ታውቅ ነበር?» አለው። በሌላ እሑድ፣ «ይህን ለእናትህ ታጎርሳታለህ?» መጨረሻው ሁሌም «ንጋቱ፣ የኢዛና አባት» ነው። ብዙም ሳይቆይ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ይመጣል። መልስ ግን የለም።

«ተወው፣ ንጋቱ» አለችው ሙሉዓለም። «ኢዛናን አይመልስልህም።»

«ቢያንስ ፊቱን ልየው።»

በአሥረኛው ወር መልስ መጣ፤ ያውም በአማርኛ። «ነገ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይምጡ» ይላል። ከሥሩ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አድራሻ አለ።

«ይምጡ» መባሉ ንጋቱን አንገበገበው። ገዳዩ የአገሩ ልጅ ሆኖ፣ አንቱ እያለ ያላግጥበታል።

በማግስቱ የጎማ መፍቻውን ብረት ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠ። የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ በርጋታ ተሻገረ። ርጋታው ራሱን አስፈራው።

በሩን የከፈተችለት ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ በእሱ ዕድሜ ያለች ሴት ናት።

«ሰአዳ እባላለሁ» አለችው። «ይግቡ።»

«ልጁ የታለ?»

«የሚጽፉለት ልጅ አብራር ይባላል። ልጄ ነው።»

«የታለ ነው ያልኩት።»

ወንበር ሳበችለት። አልተቀመጠም።

«ኢዛና በሞተበት ሌሊት ሞተ» አለች። «እኛም ለሰው ልቡ ነው አልን። መስመሩን ያላዘጋሁት ድምፁን እንድሰማ ብዬ ነው። ደብዳቤዎችዎን የማነበው እኔ ነኝ።»

ብረቱ ካፖርቱ ውስጥ ከበደው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ለሁለቱም የሸጠ አንድ ሰው አለ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ከአሥር ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን እንዳልሆነ ተሰማው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «አብረን እንፈልገዋለን። ማን እንደሰጣቸው የሚያውቁት ነገር አለ?»

ሰአዳ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ አነሳች።

«ላልነግርዎ ነበር» አለች። «ግን በየእሑዱ ልጄን ገዳይ ሲሉት አልቻልኩም።»

የአብራርን ስልክ ከፍታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አብራር በሞተበት ቀን የደረሰው የመጨረሻ መልእክት ከኢዛና የተላከ ነው።

«ሁለት ፍሬ አገኘሁ፤ አንዷን ላንተ ይዤልህ እየመጣሁ ነው።»