ገላውን የሚታጠበው ሌባ

ይህ ወሬ ቅንጣት ታህል ውሸት የለበትም፤ ካለበት የተራኪው ምላስ ይቆረጥ። ቤተሰቡ ከሽርሽር ተመልሶ በሩን ገና ሲከፍት ከመታጠቢያ ቤት የውሃ ድምፅ ተሰማ። ሌባ በሰው ቤት ገላውን ሲታጠብ! አባትየው ሚስቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ጃንጥላውን እንደ ጦር ሰበቀ። «አስር ሆናችሁ ብትመጡም አልበገርም፤ ውጡ!» ሲል ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ውሃው ግን በበሩ ስር ሾልኮ ጫማውን አራሰው።

«በሩን በርግጄ ስገባ ሌቦቹ በመስኮት እግሬ አውጪኝ አሉ!» አለ፣ ጩኸቱን ሰምተው ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች።

ወለሉን ስትወለውል የነበረችው ሚስቱ ቀና አለች። «የገባሁት እኔ ነኝ፤ አንተማ ከሻንጣው ጀርባ ነበርክ» አለች በቀስታ። «ስንሄድ ውሃ ጠፍቶ ነበር፤ ቧንቧውን ከፍተህ ረሳኸው። ይልቅ ጃንጥላህን አስቀምጥና ባልዲውን ያዝ፤ ቤታችን ገብተናል።»