ሲነገር ይረክሳል

አዛውንቱ የባህል ሐኪም ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ጤና ቢሮ መጥተው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣሉ።

«አባቴ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ የሚሰጡት የጉበት መድኃኒት ከምን እንደሚሠራ ካልተናገሩ አይታደስም» አላቸው ወጣቱ ሠራተኛ።

መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል። ለገዛ ልጃቸው እንኳ አልተናገሩም። በመስኮቱ ሲያማትሩ ከአጥሩ ሥር ከብት የሚገድለውን ጉሎ አዩ። ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀራል ብለው፣ «የጉሎ ፍሬ ነው፤ ተወቅጦ በማር ይዋጣል» አሉ።

ሠራተኛው ጻፈና ስልኩን ይዞ ወጣ። ቆየ። ውሸታቸው የታወቀባቸው መስሏቸው በሩን በሩን እያዩ ባርኔጣቸውን ያሹ ጀመር።

ተመልሶ ማኅተም ያረፈበትን ፈቃድ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ! እናቴ ጉበቷን ከታመመች ቆይታለች። ጉሎ ደግሞ ጓሯችን ሞልቷል፤ ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። እማዬ አሁን ዋጠችው።»