ጠቅልሎ የመጣ ልጅ

«አንዴ አሳልፉን፣ ይቅርታ» እያለች፣ ኮሪደሩ ላይ የተዘረገፈውን የእንግዶች ጫማ በእግሯ ወደ ዳር እየገፋች ልጇን ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱም በራስ ይበልጣታል፤ ግን ማን ይለቀዋል። ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ከመታጠቢያ ቤት ለወጣ አንድ የማታውቀው ሰውዬ ሳይቀር «ልጄ ነው፤ ጠቅልሎ መጣልኝ» አለችው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ አለፈ።

«ጠቅልሎ» የምትለዋን ቃል ያመጣቻት እሷው ናት። ባለፈው ሳምንት ልጇ በስልክ «እመጣለሁ» ሲላት «ጠቅልለህ ነው?» አለችው። «ስመጣ እናወራለን» አላት። ለእናት ይሄ ምን ማለት ነው? አዎ ማለት ነው እንጂ። ስልኩን እንደዘጋች ለዳቦ ጋጋሪው ነገረች፣ ለልብስ አጣቢዋ ነገረች። ከዚያ ደግሞ፣ ሰው በረንዳም ቢሆን ልተኛ ብሎ በሚለምንበት በዚህ በደራ ወር፣ የቤቱን ምርጥ ክፍል ቆልፋ አራት ጊዜ «ሞልቷል» ብላ ዋሸች።

«ያው የልጅነት ክፍልህ» ብላ በሩን ከፈተችለት።

በሩ ላይ «4» የሚል ቁጥር ተለጥፏል። ልጁ ደፉ ላይ ቆሞ ነጩን አንሶላ፣ የታጠፈውን ፎጣ፣ ፎጣው ላይ የተቀመጠችውን ሚጢጢ ሳሙና አየ።

«ጠረጴዛዬስ?»

«ለእንግዳ አይመችም፤ ሸጥኩት። የአባትህንም ፎቶ አወረድኩት። አንዷ እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ አፈጠጠብኝ ብላ አቤት ያለችው ነገር» አለችና ሳቀች። እሱም ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ወደ መስኮቱ ወሰደችው። «ያቺን ቤት አየሃት? የመምህሩ ናት፤ አሥር አልጋ ገብቶባታል። ከጎኗ ያለችው የልብስ ሰፊዋ፤ እሷማ ፎቅ ሠራች። አጣቢዋ ሦስት ሴት ቀጥራለች። ዳቦ ጋጋሪው ሁለተኛ ምድጃ አስገባ። ድሮ ያ ፏፏቴ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጎብኚ እያመጣ ሰፈሩን ሁሉ ከድህነት አወጣው።»

«መምህሩ ታዲያ የት አሉ?»

«ቤቱን አከራይተው መሀል ከተማ ገቡ።»

«ልብስ ሰፊዋስ?»

«እሷም።»

«ሰፈሩ ውስጥ ማን ቀረ ታዲያ?»

«እኔ አለሁ» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ቀጠነ።

ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሰውማ ቤቱ አይችለውም። በየሁለት ቀኑ አዲስ ፊት ነው፤ ደግሞ እግዜር ደግ ደጉን ነው የሚልክላት። ግን አምና ትኩሳት ጥሏት የተኛች ቀን፣ አንዱ ሙቅ ውኃ ፈልጎ ሦስት ጊዜ በሯን ሲያንኳኳ፣ ግድግዳ ይዛ ተነስታ አፍልታ ሰጠችው። አመስግኖ ሄደ። ምን ሆነሽ ነው ያላት የለም፤ ፊቷ ጥንትም እንደዚያ ይሆናል ብለው ይሆናል። ያን ቀን ሆድ ብሷት አልቅሳለች። ይሄን ለልጇ አልነገረችውም፤ አሁንም አትነግረውም።

«አሁን ግን አንተ አለህ» አለች። «ስልኩን አንተ ታነሳለህ፤ ቀጠሮውን አንተ ትይዛለህ። ካልፈለግክም ተወው፤ እኔ እሠራለሁ። አንተ ብቻ ማታ ማታ ቁጭ በልና አዋራኝ።»

«እማዬ…»

«ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ተጣጠብ። ሻይ ላምጣልህ።»

ወጥ ቤት ቆማ ውኃው እስኪፈላ ድረስ ለራሷ ታዜም ነበር። ለእንግዳ የማትሰጠውን፣ ቁም ሳጥን ላይ የምታስቀምጠውን ብርጭቆ አወረደች።

ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልጇ ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ዓይኗ ግን እሱ ላይ ሳይሆን ሻንጣው ላይ አረፈ። ቤቷን ለእንግዳ ከከፈተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሰው ስንት ቀን እንደሚቆይ ሳትጠይቅ ታውቃለች። ሳምንት የሚሰነብት ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅላል። ሦስት ቀን የሚቆይ ሻንጣውን እንደተከፈተ ወለሉ ላይ ይተወዋል። በነጋታው የሚሄድ ግን የጥርስ ብሩሹን እርጥቡን በላስቲክ ጠቅልሎ መልሶ ይከታል፣ የነገ ሸሚዙን ወንበር ላይ ያንጠለጥላል፣ ዚፑን ይዘጋል።

ዚፑ ተዘግቷል። ሸሚዙ ወንበሩ ላይ ነው።

ሻዩን አልጋው አጠገብ አስቀመጠች። ልጇ ዞረ። አንድ ነገር ሰብሮ እናቱን ሲጠብቅ የሚያሳየው የልጅነት ፊቱ ነበር። አሳዘናት። ከየት ልጀምር ብሎ የሚጨነቀውን ልታቀልለት ፈለገች፤ ምላሷ ግን በየምሽቱ፣ በየበሩ የለመደውን ነው ያወጣው።

«ነገ በስንት ሰዓት ልቀስቅስዎት?»

«አሥራ አንድ ተኩል» አለ ወዲያው። «መኪናው አሥራ ሁለት ላይ ነው።»

ሁለቱም የተባባሉትን የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። በሕይወቷ አንቱ ብላው አታውቅም። ልጇ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ፤ የዘረጋው እጁ ግን መሀል መንገድ ላይ ቀረ።

«እሺ» አለች። ወደ ኋላዋ ሄዳ ወጣችና በሩን፣ ውስጥ ያለውን ሰው እንዳትረብሽ ተጠንቅቃ፣ ቀስ ብላ ዘጋችው።