ያልቦካ ጭቃ

ሽማግሌው ሚስተር ኦቶ የሲሚንቶውን ከረጢት በቢላ ሊቀድዱ ሲሉ የሐዊ እናት ሱሪዋን ጠቅልላ ጭቃው ውስጥ ገባች። የኤርፖርት ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም፤ ከሚኖሩባት ከዩለስ ከተማ የመጣችው ልጇን ለመውሰድ ብቻ ነበር። ጭቃው የጀርመን ስደተኞች ድሮ በእንጨትና በጭቃ ለሠሩት ጎተራ መጠገኛ ነው። ሐዊና የክፍሏ ልጆች ግድግዳውን ሁለቴ መርገውት ሁለቴም ስለረገፈ፣ ሽማግሌው "በቃ፣ በሲሚንቶ ልድፈነው" ብለው ነበር። ሐዊ የለፋችበት ግድግዳ ሲሚንቶ ሊሆን ነው፤ አሁን ደግሞ ይሄ ጉድ!

"ማሚ፣ ፕሊስ ውጪ!"

"ዝም በይ። ጭቃው አልቦካም፣ ንገሪያቸው።"

ሐዊ "ቦካ" የሚባለውን ቃል የምታውቀው ለሊጥ ብቻ ነው። ሶ፣ እንዳወቀችው ተረጎመችው፦ "ጭቃው ገና ዳቦ አይሆንም እያለች ነው።"

ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። "እርሾ ይፈልጋል እንዴ?"

እናትየው እፍኝ ጭቃ ዘግና አሸተተች። "ምንም አይሸትም! ጭድ ጨምረው፣ እያስረገጡ ሳምንት ያቆዩት። አፍንጫ ሲያስይዝ ያኔ ግድግዳም ይይዛል።"

ይሄኛውን ሐዊ አልተሳሳተችም። ሽማግሌው ቢላዋቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አንድ ነገር ጠየቁ። ሐዊ እናቷን ሳታማክር "የስ!" አለች።

"ምን አሉ?"

"አለቃ ትሆኚልን ወይ አሉ።"

"አለቃ ከሆንኩማ" አለች እናትየው፣ ወደሚስቁት ልጆች ዞራ፣ "እነዚህ ሁሉ ይግቡና ይርገጡ።"

ይህችን ሐዊ አንዲት ቃል ሳትጥል፣ ጮክ ብላ ተረጎመች።